ፍየሌ ሎሚ እና ጣሪያ የሌለው ክፍል

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ጠርቶ ሄድኩ። እናቷ ሥራ ስለነበረባት ነው እንጂ እኔ ስብሰባ አልወድም። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ግድግዳው ላይ ምስል እያበራ «የትምህርት ቤታችንን የገቢ ማሰባሰቢያ እንዴት ውጤታማ እናድርገው?» ብሎ ጠየቀን። ለየወላጁ ፖስታ ታድሎ ነበር። ገሚሱ ባዶውን ተመልሷል፣ ገሚሱ ጭራሽ የት እንደገባ አይታወቅም። ሰዉ መሬት መሬት ያያል።

ያን ጊዜ በመስኮቱ ንፋስ ገባ። ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሮ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሸተተኝ። እርጥብ አሸዋና ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ አንድ ላይ ሲሸቱ እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፣ እጄ ላይ ገመድ ተጠምጥሟል።

እጄን አወጣሁ። «አባባ፣ በአጭሩ» አለኝ ዳይሬክተሩ። በአጭሩ አይሆንም አልኩና ቁጭ አልኩ። ይኸው በረጅሙ።

ዘመኑ የደርግ ነው። የሶማሌው ጦርነት አልፎ፣ ከተማው ግን ገና ትንፋሹን አልሰበሰበም። የእኛ ክፍል ግድግዳ እንጂ ጣሪያ አልነበረውም። ግድግዳውን የሰፈሩ ሰው ነው በዘመቻ ያቆመው፤ ድንጋዩን ከደቻቱ በራሱ እየተሸከመ። ጣሪያው ላይ ሲደረስ ቆርቆሮ የለም ተባለ። ስለዚህ ያለ ጣሪያ ተማርን። ጠዋት ጠዋት በግድግዳው ጥላ ሥር እንደረደራለን። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ጥላው ይጠባል፣ እኛም የምንቀመጥበትን ድንጋይ ይዘን እንጠጋለን። አምስት ሰዓት ገደማ ክፍሉ በሙሉ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነው የሚማረው፤ ያንዱ ክርን ባንዱ ጎን። የድሬዳዋን ፀሐይ ለሚያውቅ ሌላ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር መጣ፤ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች። ተነስተን ቆምን። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና አስተማሪያችንን፣ «ጓድ በላይነሽ፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ካልወጣለት ይህንን ቤት ለመጋዘን እንወስደዋለን። ልጆቹ በየቦታው ይመደባሉ» አላት።

«ለመጋዘኑ ቆርቆሮ ከየት ይመጣል?» አለች።

«እሱን ለእኛ ተዪው።»

ቲቸር በላይነሽ የሐረር ሰው ናት። ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና፣ ስትናደድ የምታለቅስ ሳይሆን የምትስቅ ሴት። ያን ቀን ሳቀች። እኔ ግን ሌሊቱን አልተኛሁም። አባቴ የባቡር ጥገና ውስጥ ይሠራ ስለነበር መጋዘን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጨለማ ነው፣ ቅባት ቅባት ይሸታል፣ በሩ በውጭ በኩል ነው የሚቆለፈው። እኛን ልጆቹን እዚያ አስገብተው ሊቆልፉብን መስሎኝ ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም፤ ቢሆንስ ብዬ ፈራሁ።

ቲቸር መጀመሪያ ያደረገችው ሁሉም የሚያደርገውን ነው። የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን በቢላ ሰንጥቃ ሰጠችንና ሁለት ሁለት እየሆንን በየቤቱ እንድንዞር ላከችን። ጣሳ ይዞ በር ማንኳኳት በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ እኛ አላወቅንም። ሰዉ መዋጮ አንገፍግፎታል። ለጦርነቱ አዋጥቷል፣ ለድርቁ አዋጥቷል፣ ለበዓሉ ሰልፍ አዋጥቷል።

«ለቀበሌ ነው?» ይሉናል።

«አይ፣ ለትምህርት ቤት ነው።»

«ያው ነው፣ ከፍለናል» ብለው በሩን ይገጥሙታል። ውስጥ ግን ቴፑ ይዘፍናል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ሽታው በበሩ ሥር ይወጣል። እኔ ከተማው ደህይቷል ብዬ አመንኩ። ማታ ለአባቴ «ድሬዳዋ ብር አልቆበታል» ስለው ከት ብሎ ሳቀብኝና የሳቀበትን ሳይነግረኝ ተኛ።

ከቤታችን ኋላ ኤዶ ሐሊሞ ነበረች። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራት። በባቡር የሚመጣ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እንዴት እንደሚመጣ አይጠየቅም። ፍየሌን የሰጠችኝ እሷ ናት። ቢዮ አዋሌ ገጠር ዘመዶቿ ጋ አንዲት ፍየል መኪና ገጭቷት ስትሞት ግልገሏ ተረፈች። «ዋሪያ ታምሩ፣ ይህችን ካሳደግክ ያንተ ናት» ብላ አመጣችልኝ። በጨርቅ ወተት እያጠባሁ አሳደግኳት። የሎሚ ልጣጭ ስለምትወድ ሎሚ አልኳት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ ድምፄን ታውቀዋለች።

ኤዶ ሐሊሞ ጋ ጣሳዬን ይዤ ስሄድ አንገቷን በበሩ አውጥታ መንገዱን በግራም በቀኝም አየች።

«ማን ላከህ?»

«ቲቸር።»

«እኔ እዚህ ጣሳ ውስጥ ብር ብከት፣ ነገ ሊቀመንበሩ ‹ሐሊሞ ብር አላት፣ ከየት አመጣችው?› አይልም?»

«አይልም።»

«ወላሂ ይላል!» አለችና የጣሳውን ክዳን ከፍታ በብር ፋንታ በተምር ሞላችልኝ። «ይኸው። ተምር ከየት መጣ የሚል የለም።»

ጣሳውን ለቲቸር መለስኩላት፤ መንገድ ላይ የበላሁትን ሳልናገር። ከፈተችው፣ አየችው። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ኤዶ ሐሊሞ ያለችውን ቃል በቃል አስደገመችኝ። አንድ ተምር አፏ ውስጥ አደረገች፣ ፍሬውን ተፋች፣ ጣሪያ የሌለውን ሰማይ ስታይ ቆየች።

ከዚያ ወላጆች ተጠሩ። ቲቸር ጨረታ ሊደረግ ነው አለች። ቦታውም ትምህርት ቤቱ ግቢ አይደለም፣ ውሃ የሌለው ደቻቱ አሸዋው ላይ ነው፤ ከወንዙ ወዲህ ከዚራ ያለውም ወዲያ መጋላ ያለውም በእግሩ የሚያልፍበት፣ ኳስ የሚጫወትበት ሜዳ ስለሆነ። ሰዉን ወደ እኛ ከመጥራት እኛ ወደ ሰዉ እንሂድ፤ ለጨረታ የሚሆን ያለው ያምጣ አለች። ሰው አንገቱን ደፋ። አባቴ ተነሳ። አባቴ ካልተናገረ አይናገርም፤ ከተናገረ አይመልሰውም።

«ፍየል አለኝ» አለ።

መጀመሪያ ሌላ ፍየል እንዳለን አሰብኩ። ከዚያ ገባኝ።

ቤት ስንገባ «የኔ ናት!» አልኩት።

«ትምህርት ቤቱስ የማን ነው?»

«ኤዶ ሐሊሞ ለኔ ነው የሰጠችኝ!»

«እኔም ላንተ ትምህርት ቤት ነው የሰጠሁት።» እራቴን አልበላም አልኩ። አትብላ አለኝ። ግትርነቱን ከማን እንደወረስኩት አትጠይቁኝ።

የጨረታው ቀን ከሰዓት ነበር። ደጋው ላይ ደመና ጠቁሯል፣ ከተማው ግን ፀሐይ ነው። ሰዉ ከሁለቱም ዳር ወርዶ አሸዋው ላይ ክብ ሠርቶ ቆመ። መሐል ላይ እኔና ሎሚ። ገመዷን እጄ ላይ ደጋግሜ ጠምጥሜዋለሁ፤ ጣቶቼ ሊጠቁሩ ደርሰዋል። ሊቀመንበሩ ወንበር አስመጥቶ ከፊት ተቀምጧል፣ ጠባቂዎቹ ከኋላው። «እኔ እስካለሁ ድረስ ተፈቅዷል» አለ። «ሰማዩም አያምርም፣ ቶሎ ይጠናቀቅ።»

ቲቸር ጀመረች። «ይህችን የመሰለች ፍየል! ስንት ብር?»

ዝም።

«ማነው የሚጀምር?»

አንድ ሰው አልተነፈሰም። የሰዉ ዓይን ሊቀመንበሩ ላይ ነው፣ የሊቀመንበሩ ዓይን የሰዉ አፍ ላይ። ብር የጠራ ብር አለው ማለት ነው። ሎሚ ብቻ እምቤ አለች። እኔ በልቤ፣ እንኳን ዝም አሉ፣ እንዲህ እንደቆሙ ይምሽ እላለሁ። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየና ከወንበሩ ሊነሳ ሲል ቲቸር በላይነሽ ሳቀች። ያቺን የንዴት ሳቋን።

«ብር ማን ጠየቃችሁ? ብር ያልኩት ተሳስቼ ነው። ጣሪያ ነው የጎደለን፤ ዋጋውን በቆርቆሮ ጥሩ! አጥር ላይ ያለ፣ ዶሮ ቤት ላይ ያለ፣ የዛገ፣ የተበሳ። ይህችን ፍየል በስንት ቆርቆሮ?»

ሰዉ ተያየ። ኤዶ ሐሊሞ ሻርፗን አጠበቀችና ከኋላ፣ «ባንድ ቆርቆሮ! የሽንት ቤቴን በር እነቅላለሁ!» አለች።

ሳቅ ፈነዳ። «ኧረ አቦ፣ ሐሊሞ በምን ልትከለዪ ነው?»

«አንተ ዓይንህን ጨፍን!»

«በሁለት!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «በሦስት!» አለ ሌላ። ሊቀመንበሩ ግራ ገባው። የአጥር ቆርቆሮ ከየት አመጣህ ተብሎ አይጠየቅ ነገር፤ ሁሉም አጥሩን ያውቀዋል። ኤዶ ሐሊሞ ጨምራ አሸነፈችና መጥታ የሎሚን ጀርባ ዳሰሰች፤ «ለትምህርት ቤቱ መልሻለሁ። እንደገና ሽጧት!» አለች።

ትልልቁ ሰው ይህንን ያውቃል። በዓል ላይ ጨረታ ሲሆን የገዛ ሰው የገዛውን መልሶ ይሰጣል፣ ነገሩ እንደገና ይሸጣል፣ በአንድ ሙክት ስንት ነገር ይሠራል። ለእኔ ግን የነገረኝ የለም። ፍየሌን አልፈልግም ያለች መሰለኝ፤ በአንድ በኩል ደስ አለኝ፣ በሌላ በኩል ለሎሚ ተቀየምኩላት። ዳቦ ጋጋሪው ገዛት፤ እሱም መለሳት። አንድ የጭነት መኪና ባለቤት ሐጂ ገዙ፤ እሳቸውም መለሱ። በየሽያጩ ገመዱን እጄ ላይ አንድ ዙር እጨምራለሁ። ቀስ በቀስ ገባኝ፦ የሚገዛት ሁሉ ይመልሳታል፤ ማንም አይወስዳትም። ገመዱን ትንሽ ላላ አደረግኩት።

ያኔ ነው ጋሽ ጉተማ ወደ ክቡ የገባው። ጋሽ ጉተማ ሥጋ ሻጭ ነው። ከነሽርጡ ነው የመጣው፣ ሽርጡ ላይ የጠዋቱ ደም አለ።

«እናንተ ጨዋታ ላይ ናችሁ» አለ። «የሱቄን በረንዳ ጣሪያ በሙሉ ሰጥቻለሁ! ሐሊሞ፣ አንቺ ስትገዢ ትመልሻለሽ፤ እኔ ስገዛ ወደ ድስት ነው!»

ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ቲቸርም ሳቀች። አባቴም፣ ያ የማይስቅ ሰው፣ ጥርሱ ታየ። እኔ ግን የማየው ሽርጡን ነው። ከእሱ የሚበልጥ የጠራ ጠፋ። ቲቸር አጨበጨበች። ጋሽ ጉተማ መጣና ገመዱን ያዘ፤ እኔም አልለቅም አልኩ። እሱ ይስባል፣ እኔ እስባለሁ።

«ልቀቅ እንጂ አንተ ልጅ፣ እጅህ ሊቆረጥ ነው» አለና ከሽርጡ ሥር ቢላውን መዘዘ።

እጄ ላይ የጠበቀውን ገመድ ሊቆርጥልኝ ነበር። ይህንን ዛሬ አውቃለሁ። ያኔ ያየሁት ቢላና የሎሚን አንገት ብቻ ነው። ገመዱ ብጥስ ሲል ረጅሙ ጫፍ እሱ እጅ ቀረ። እኔ ሎሚን በሆዷ አንስቼ በሰዎቹ እግር መሐል ሾለክኩ።

«ያዘው! ያዘው!» ይላሉ፣ እየሳቁ ይሁን እየተቆጡ አልለየሁም። አሸዋው ያሰምጣል፣ ሎሚ ትራገጣለች። ወደ መጋላ ዳር ነው የሮጥኩት፤ የቤታችን ተቃራኒ። ዳሩ ላይ ስወጣ ከላይ በኩል ባቡር የመጣ መሰለኝ። መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጉም ጉም ይላል። በዚህ ሰዓት ምን ባቡር አለ ብዬ ዞርኩ። ከላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች «ጎርፍ! ጎርፍ!» እያሉ ይጮሃሉ።

የድሬዳዋ ሰው ጎርፍ ያውቃል። እላዩ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዝ እንደሚመጣበት ያውቃል። አሸዋው ላይ የነበረው በሙሉ ልጁን አንጠልጥሎ፣ ነጠላውን ሰብስቦ ወደ ከዚራ ዳር ወጣ። ሊቀመንበሩና ጠባቂዎቹ ከሁሉ ቀድመው ወጥተው ነበር፣ ቀድመውም ሄዱ። ወንበሩን ግን ማንም አላነሳለትም። ቡናማው ውሃ ግንድና ቅጠል እየገፋ መጥቶ ወንበሩን አነሳት፣ አንዴ አዞራትና ይዟት ሄደ።

እኔ በዚህ ዳር፣ አባቴና ሰዉ በሙሉ በዚያ ዳር፣ መሐላችን ጎርፍ። ድልድዩ ላይ ውሃው እየዘለለ ስለነበር ሰው አያሳልፍም። ሎሚ ትንቀጠቀጣለች። እቅፌ ውስጥ ጠበቅ አደረግኳት።

ሰዉ ወደ ቤቱ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አልሄደም። በዚያኛው ዳር እንደገና ክብ ሠራ። የውሃው ጩኸት ምንም አያሰማም፤ የማየው እጅ ሲነሳ ብቻ ነው። አንዱ እጁን ያነሳል፣ ሌላው ያነሳል፣ ሁሉም ወደ እኔ ይጠቁማሉ። እያንዳንዱ እጅ እኔ ላይ የሚፈርድ መሰለኝ። አንዱ ይገረፍ ይላል፣ አንዱ ይታሰር ይላል። ትምህርት ቤቱን አጠፋሁት ብዬ አሰብኩ። የተሸጠው ፍየል እኔ ጋ ነው፤ ቆርቆሮውን ማን ይሰጣል? በኔ ምክንያት ልጆቹ በሙሉ መጋዘን ሊገቡ ነው። ከዚያ አባቴ ከሰዉ ወጥቶ ውሃው ጫፍ ላይ ቆመ፣ የተቆረጠውን ገመድ ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ያኔ ሽንቴ አመለጠኝ።

እዚያ ዳር የሆነውን በኋላ ነው ኤዶ ሐሊሞ እየሳቀች የነገረችኝ። ሰዉ ከጎርፉ ሲተርፍ ጋሽ ጉተማ እጁ ላይ ገመድ ብቻ ይዞ ቆሟል።

«ጉተማ፣ ገመድ ገዛህ!» ይሉታል። «ገመዱን ወጥ ትሠራዋለህ?»

ጋሽ ጉተማ ኩሩ ሰው ነው። «ገመድም ቢሆን በረንዳዬን ሰጥቻለሁ፣ ቃሌን አልበላም! ገመዱንም መልሻለሁ! ይሸጥ!» አለ።

ቲቸርም ገመዱን ሸጠችው። ሊቀመንበሩ የለም፣ ወንበሩም የለም። ያን ሁሉ ጊዜ አፉን የያዘው ሰው ያኔ ተለቀቀ። ገመዷን አንዱ ይገዛል፣ ይመልሳል፤ ሌላው ይገዛል፣ ይመልሳል። ቆርቆሮ የሌለው ምስማር ጠራ፣ ምስማር የሌለው ጉልበቱን ጠራ፣ አንዲት እናት ለሠራተኞቹ ሻይ ጠራች። ፍየሏ ካመጣችው ገመዷ ያመጣችው ይበልጣል። የመጨረሻ የገዛት ራሱ ጋሽ ጉተማ ነው። እሱም አባቴ እጅ ላይ አስቀምጦ፣ «የገመዱም የፍየሏም ባለቤት እዚያ ማዶ ቆሞ እያየን ነው» አለው።

ውሃው ወርዶ ጉልበት ድረስ ሲሆን ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። አባቴ ሱሪውን ሰብስቦ ተሻገረ። አልሮጥኩም፤ የምሮጥበት አልነበረኝም። ሎሚን ከኋላዬ አደረግኳት። አባቴ መጣና መጀመሪያ በገመዱ ቂጤን አንዴ ሾጥ አደረገኝ።

«ይሄ ለሮጥክበት።»

አላለቀስኩም። ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

«ይህች ገመድ የስንት ቆርቆሮ እንደሆነች ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለ። «በጣም ብዙ ናት። ያዝ።» ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ገመዱ ያበጠበትን ቦታ አይቶ አጎንብሶ እፍ አለበት። አባቴ እፍ ሲልልኝ ያኔ ብቻ ነው የማስታውሰው።

በማግስቱ ጠዋት ቆርቆሮው መጣ። ሰዉ በራሱ ላይ ተሸክሞት በየመንገዱ ሲመጣ ጣሪያዎች በእግራቸው የሚሄዱ ይመስል ነበር። አረንጓዴ የተቀባ አለ፣ የዛገ አለ፣ የጥይት ቀዳዳ ያለበት ነበረ፤ የኤዶ ሐሊሞ የሽንት ቤት በር ከነማጠፊያው መጣ። ሊቀመንበሩ ከሩቅ ቆሞ አየና ተመልሶ ሄደ። አባቴና የባቡር ጓደኞቹ ላይ ወጥተው ይመታሉ፣ እኛ ከታች የተጣመመ ምስማር በድንጋይ እናቃናለን። ሁሉ አለቀ፤ ዳር ላይ አንድ ቆርቆሮ ቀረች። ምስማር አለቀ። ከደጋው በኩል ደግሞ ንፋስ ተነሳ፣ ያው የእርጥብ አሸዋ ሽታ። ያቺ አንዷ ከተነሳች ሌላውን ሁሉ ይዛ ነው የምትነሳው።

«የሚያስር ነገር ያለው?» አለ አባቴ ከላይ። ሰዉ ኪሱን ዳሰሰ።

እኔ ሎሚን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማንም እኔን አላየኝም፣ ማንም እኔን አልጠየቀኝም። ገመዱን ከአንገቷ ፈታሁት። ፈትቼም ትንሽ ቆምኩ፤ ትሄዳለች ብዬ። ከዚያ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ለአባቴ አቀበልኩት። ተቀበለኝ። ቆርቆሮዋን ከወራጁ ጋር ጠፍሮ አሰራት።

ዝናቡ ያን ቀን ከሰዓት ገባ። በድሮው የምስማር ቀዳዳ ሁሉ ያንጠባጥብብን ነበር፣ ቲቸር በጩኸት ነው ያስተማረችን፣ የዝናቡ ድምፅ ጆሮ ይደፍናል። ያቺ የዳር ቆርቆሮ በንፋሱ ትንጫጫለች እንጂ አልተነሳችም። ሎሚ ያለ ገመድ እግሬ ሥር ተኝታ ታመሰኳ ነበር።